የክፉ ቀን ካርቶኖች

እትዬ ቁልፍ መምጣቷ የሚታወቀው በኮቴዋ ሳይሆን በወገቧ ነው። አሥራ ዘጠኝ ቁልፎች በአንድ ሽቦ ተሰክተው ከሽርጧ ማሰሪያ ይንጠለጠላሉ፤ ስትራመድ ያቃጭላሉ። በውሃ ፓምፕ ፋብሪካው ግቢ ሥራ ፈትቶ የቆመ ሠራተኛ ያን ድምፅ ሲሰማ ዘሎ መፍቻ ያነሣል። የማንም አለቃ ሆና ግን አይደለም። የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ከብሎን እስከ ሲሊንደር በእጇ ሳያልፍ ወደ ሥራ የገባ ዕቃ የለም። ወላጆቿ ያወጡላትን ስም የሚያስታውሰው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው።

ፋብሪካው የገባችው በሃያ ሁለት ዓመቷ፣ በጽዳት ሠራተኝነት ነበር። የግምጃ ቤቱን ወለል ስትጠርግ የወዳደቁ የብሎን ሮንዴላዎችን እየለቀመች በየመጠናቸው በየጣሳው ትከታቸዋለች፤ ማንም አላዘዛት። የዚያን ጊዜው ኃላፊ፣ ምራቃቸውን የዋጡ ሽማግሌ፣ አንድ ቀን ጣሳዎቹን ተራ በተራ አዩና «ልጄ፣ መጥረጊያውን አስቀምጪው» አሏት። «አንቺ ለመደርደር የተፈጠርሽ ነሽ።» በዚያው ቀረች።

ፓምፕ ማለት ዞሮ ዞሮ ውሃ የሚገፋ ብረት ነው። ብረቱ በብረቱ ውስጥ ሲመላለስ ውሃው እንዳያመልጥ የሚያደርገው ግን የሻይ ብርጭቆ አፍ የሚያህል የጎማ ቀለበት ነው። በአንድ ፓምፕ አራት ይገባል። ቀለበት ከሌለ ፓምፕ የለም፤ የተቀረው ሁሉ ቢሟላ ጥሩ ቀለም የተቀባ ቧንቧ ብቻ ነው።

ድሮ ቀለበቱ የሚሠራው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ስድስት ሰዎችና አንድ መጭመቂያ ማሽን ባሉበት የጎማ ክፍል ነበር። እትዬ ቁልፍ ሥራ በጀመረች በስምንተኛው ዓመት አንድ ወሬ መጣ፦ ባሕር ማዶ ያለ ፋብሪካ ያንኑ ቀለበት በግማሽ ዋጋ ይልካል። እውነትም ላከ። የጎማ ክፍሉ ተዘጋ፤ ማሽኑ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ተሸጠ። የመውጫ ወረቀቱን የጻፈችው እሷ ናት። ማሽኑን ሲገፋ ከነበሩት መካከል አንዱ፣ ገና የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ የክፍሉ ሠራተኛ፣ በሩ ላይ ቆም ብሎ «እትዬ፣ እኔንም አብረሽ ጻፊኝ እንጂ፤ በኪሎ ስንት እንደማወጣ እንይ» አላት። ሳቀች። እሱም ሳቀ። ሁለቱም ግን አንጀታቸው አልሳቀም።

ሦስት ዓመት ዕቃው ደኅና ተመላለሰ። ከዚያ አንዲት መርከብ የሆነ ወደብ ላይ ቆማ ቀረች፤ ለምን እንደቆመች እስከ ዛሬ ለፋብሪካው ሰው ያስረዳ የለም። ሲሊንደር ሞልቷል፣ ብሎን ሞልቷል፣ ቀለበት የለም። ፋብሪካው አራት ወር ዘጋ። እትዬ ቁልፍ ከጥበቃዎቹ ጋር በግማሽ ደመወዝ ቀረች፤ የፋብሪካው ሾፌር የነበረው ባለቤቷ ያለ ደመወዝ ቤት ዋለ። ትልቋ ልጃቸው ያኔ ጡት አልጣለችም። አልጋቸውን ሸጠው ፍራሹን መሬት ላይ አነጠፉ። እሷ በየጠዋቱ እየመጣች ግምጃ ቤቱን ትከፍታለች፣ ከባዶው መደርደሪያ ፊት ለፊት ስምንት ሰዓት ትቀመጣለች፣ ትዘጋለች፣ ወደ ቤት ትሄዳለች።

ያ ባዶ መደርደሪያ ሆዷ ውስጥ ገብቶ ቀረ። መርከቧ በመጣች ማግሥት አንድ ካርቶን ቀለበት ከጭነቱ ላይ ለብቻ አነሣች፤ ጎኑ ላይ «የተበላሹ ማጠፊያዎች» ብላ ጻፈችበትና ከኋለኛው መደርደሪያ ግርጌ አስቀመጠችው። የተበላሸ ማጠፊያ የሚፈልግ ሰው የለም። በሚቀጥለው ጭነት ሌላ ካርቶን ጨመረች። ለራሷ ስትጠራቸው «የክፉ ቀን» ትላቸዋለች። ቤት ውስጥም ያው ነው፤ አልጋ ሥር ሳሙና፣ ቁም ሣጥን ላይ ክብሪት፣ በር ጀርባ ጨው።

«አንቺ ሰው፣ ይህ ሳሙና ከማለቁ በፊት እኮ እኛ ነን የምናልቀው» ይላታል ባለቤቷ።

«ንጹሕ ሆነህ ታልቃለህ» ትለዋለች።

ከዓመት በፊት ደግሞ መርከቦቹ እንደገና ይዘገዩ ጀመር። ሁለት ወር የነበረው መንገድ አምስት ወር ሆነ፤ የማጓጓዣው ዋጋም ወደ ላይ ወጣ። አዲሷ ሥራ አስኪያጅ፣ ነገር ማንዛዛት የማትወድ ሴት፣ ከቅርብ ሊሠራ የሚችል ነገር ሁሉ ተለይቶ ይቅረብልኝ አለች። ተለየ፣ ተለየ፣ መጨረሻ ላይ የተገኘው የጎማ ቀለበቱ ብቻ ነበር። ከፋብሪካው ጀርባ፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ፣ የወለል ምንጣፍና የቧንቧ ጎማ የሚሠራ አንድ ወርክሾፕ አለ። ባለቤቱ ያ ማሽን ገፍቶ የወጣው ጎረምሳ ነው፤ አሁን ሽበታም ሆኗል፣ ሰፈሩ ባለጎማው ይለዋል። ማሽኑም ያው ማሽን ነው፤ ከቁርጥራጭ ነጋዴው ገዝቶ ሁለት ዓመት ሲጠግነው ኖሯል።

የሦስት ወር ሙከራ ተሰጠው። ካለፈ ለዓመት ይፈረምለታል፤ ከወደቀ ሁሉም ወደ መርከቡ ይመለሳል። ባለጎማው ለቀለበቱ አዲስ ፎርማ አስቀረጸ፣ ስምንት የነበሩትን ሠራተኞች አሥራ ሁለት አደረገ።

በመጀመሪያው ሐሙስ ራሱ የእጅ ጋሪ እየገፋ መጣ።

«እትዬ፣ ደኅና አደርሽ? መርከቤ ደረሰች።»

እትዬ ቁልፍ ጋሪውን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ጎማ ሠሪ ሆነህ የገዛ ጋሪህ ጎማ ይተንፍስ?»

«ሥራ በዛብኛ! ጊዜ የሰጣችሁኝ መሰለሽ?»

ከከረጢቱ አንድ ቀለበት አወጣች። በአውራ ጣቷ ጥፍር ጫን አለችውና ለቀቀችው። ጥሩ ጎማ እንደተነካ አያስታውቅም፤ የጥፍሩ ምልክት ወዲያው ይጠፋል። ጠፋ። ሌላ አወጣች፤ ጠፋ። ከአሥራ አንደኛው በኋላ «በል አራግፈው» አለችው፤ ከእሷ አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አይወጣም።

አሁን እንግዲህ ነገሩ የተበላሸበት ቦታ ይመጣል፤ የተበላሸውም በማንም ክፋት አይደለም።

የመገጣጠሚያ ክፍሉ በሳምንት ሁለት መቶ ሃምሳ ፓምፕ ይሠራል። ሺህ ቀለበት ይበቃዋል። የክፍሉ አለቃ፣ ሠራተኞቹ ችኩሉ የሚሉት ቀጭን ሰው፣ በመጠየቂያ ቅጹ ላይ ሺህ ሁለት መቶ ይጽፋል፤ ቢቀደድስ፣ ቢጠፋስ ብሎ። ቅጹ ወደ እትዬ ቁልፍ ይመጣል። እሷ ሺህ አምስት መቶ ታደርገዋለች። ከእሷ ወደ ግዢ ክፍል ይሄዳል። የግዢው ሰውዬ፣ አቅራቢ ሁልጊዜ ከታዘዘው አጉድሎ ነው የሚያመጣው የሚል እምነት ያለው፣ ሁለት ሺህ ብሎ ይፈርማል። ለመርከቡ ዓመታት እንዲህ ሲደረግ ኖሯል። ባሕር ማዶ ላለው ትልቅ ፋብሪካ የዚህ ትርፍ ቁጥር ከትንኝ አይቆጠርም፤ የተጠየቀውን ጭኖ ይልካል። ባለጎማው ግን አንድ ማሽን ነው ያለው። ከጅምሩ «በሳምንት ሺህ አራት መቶ፣ ከዚያ በላይ አልችልም» ብሎ ነበር፤ ያን ጊዜ ሁሉም «በቂ ነው» አሉት። ወረቀቱ ላይ የሚመጣው ግን ሁለት ሺህ ነው።

በየሳምንቱ ሺህ አራት መቶ አመጣ። እትዬ ቁልፍ ለችኩሉ ሺህ ሁለት መቶ ትሰጣለች፤ የቀረውን ሁለት መቶ በክፉ ቀን ካርቶን ትከታለች። አንድም ቀን ሥራ አልቆመም። ወረቀቱ ላይ ግን በየሳምንቱ «የጎደለ፦ ስድስት መቶ» እየተባለ ይመዘገባል።

በሰባተኛው ሐሙስ ባለጎማው ዓይኑ ቀልቶ መጣ። ጋሪው ላይ ሺህ ስድስት መቶ ቀለበት ነበር። እትዬ ቁልፍ አንዱን በጥፍሯ ጫን አለችው። ምልክቱ አልጠፋም።

«ምን አደረግከው?»

«ከማሽኑ ትንሽ ፈጠን ብዬ አወጣሁት። ግማሽ ደቂቃ ብቻ እኮ ነው የቀነስኩት፣ እትዬ።»

«አልበሰለም።»

«ምን ላድርግ? ሁለት ሺህ፣ ሁለት ሺህ እያላችሁ ወገቤን ቆረጣችሁት! እውነቱን ንገሪኝ፤ ይህን ሁሉ ቀለበት ፓምፑ ነው የሚበላው ወይስ እናንተ?»

  እትዬ ቁልፍ ያልበሰሉትን ሁለት መቶ ለይታ መለሰችለት፤ እሱም ያንን የተነፈሰ ጋሪ እየገፋ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ ወጣ፦ ዓርብ በአራት ሰዓት የሙከራው ጉዳይ ይወሰናል፤ ሦስት ወሩ እስኪሞላ መጠበቅ አያስፈልግም።

ያን ቀን የሳምንቱን ሁለት መቶ ልታስቀምጥ ወደ ኋለኛው መደርደሪያ ሄደች። ቦታ የለም። ከሥር ያለውን አሮጌ ካርቶን ስባ ወደ ብርሃኑ አመጣችው። ማሸጊያው ላይ ያለው ጽሕፈት የራሷ ነው፤ ግን የወጣትነቷ ጽሕፈት፣ ፊደሎቹ ቀጥ ቀጥ ያሉ። ከፈተችው። ቀለበቶቹ እንደ ድሮው ጥቁር ናቸው፣ እንደ ድሮው ተደርድረዋል። አንዱን አነሣችና እንደ ልማዷ ጥፍሯን ጫነችበት።

ቀጭ አለ። ለሁለት ተሰበረ።

ሌላ አነሣች። ተሰበረ። ከላይ ካሉት አንዱን ካርቶን ከፈተች፤ የስድስት ዓመት ዕድሜ ያለው ነው፤ አልተሰበረም፣ ግን ሲለጠጥ ፊቱ ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ ስንጥቅ አወጣ። ጎማ ያረጃል። ይህን ማንም ሊነግራት አይገባም ነበር፤ የግምጃ ቤት ሰው ናት፣ የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ባለጎማው ራሱ ድሮ «ጎማ እንደ ዳቦ ነው፣ አታቆዪው» ይላት ነበር። እሷ ግን ካርቶኖቹን እንደ ጎማ ሳይሆን እንደ እንቅልፍ ነበር የምታያቸው፤ እነሱ እዚያ ካሉ ተኝታ ታድራለች። አሥራ ሦስቱንም ካርቶን ከፈተች። ለሥራ የሚሆኑት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ዓርብ ጠዋት ባለቤቷ ጫማውን ሲያስር አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነገረችው። ለጡረታ የቀራት ጥቂት ዓመት ነው። ለሥራ አስኪያጇ ከተናገረች፣ ዕቃ ደብቃ በሐሰት ጽሑፍ ስትሸፍን የኖረች ሠራተኛ ትባላለች፤ እውነት ነውና። ዝም ካለች ደግሞ ባለጎማው ባላጎደለው ነገር ጎደለ ተብሎ ይባረራል፤ አሥራ ሁለቱም ሰዎች አብረውት።

ባለቤቷ የጫማውን ክር አጠበቀና ቀና አለ። «ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ አልጋ ሸጠናል» አለ። «ወለሉ እንደሆነ ዛሬም አለ።»

«ታሾፋለህ?»

«አላሾፍኩም። ሂጂና ተናገሪ ማለቴ ነው። ይህን የሳሙና ክምርም ስትመለሺ እናየዋለን።»

በአራት ሰዓት ሥራ አስኪያጇ፣ የግዢው ሰውዬ፣ ችኩሉና እትዬ ቁልፍ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። የግዢው ሰውዬ ወረቀቱን አነበበ፦ ሰባት ሳምንት፣ በየሳምንቱ ጉድለት፣ በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ የጥራት ችግር። ዋጋውም ከባሕር ማዶው እጥፍ ነው።

«ቅርብ መሆኑ ይጠቅመናል ብዬ ነበር» አለች ሥራ አስኪያጇ። «እጥፍ ከፍለን የሚጎድልብን ከሆነ ግን ምን ተጠቀምን? ወደ መርከቡ እንመለስ። የሚናገር አለ?»

እትዬ ቁልፍ ተነሣች። ቁልፎቿ አቃጨሉ።

«አልጎደለም» አለች።

«ምኑ?»

«ቀለበቱ። በሳምንት የምንፈልገው ሺህ ነው። በእኔ በር የሚወጣው ፓምፕ ሁለት መቶ ሃምሳ ነው፣ በአራት ያባዙት። ሁለት ሺህ ያደረግነው እኛ ነን። ሦስት መቶው ከእኔ ብዕር ነው የወጣው።» ጠረጴዛውን በመዳፏ ተደገፈች። «ትርፉን ደብቄዋለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ሆነኝ ስደብቅ።»

 ችኩሉ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ።

«እኔም… ቀለም ጣሳ ውስጥ አለኝ» አለ።

«ስንት?» አለች ሥራ አስኪያጇ።

«ጣሳው ስንት ነው ማለትዎ ነው ወይስ ቀለበቱ?»

የግዢው ሰውዬ ሳቁ አመለጠው። ሥራ አስኪያጇ ዞር ብላ ስታየው ሳቁን ዋጠና ብዕሩን ይመለከት ጀመር፤ አምስት መቶው የእሱ መሆኑ ትዝ ብሎታል።

«ያሳዩኝ» አለች ሥራ አስኪያጇ።

አራቱም ወደ ግምጃ ቤቱ ሄዱ። እትዬ ቁልፍ አሥራ ሦስቱን ካርቶን ወለሉ ላይ ደርድራ ነበር። ሥራ አስኪያጇ ከመጀመሪያው አንድ ቀለበት አንሥታ ስታጎብጠው እጇ ላይ ተሰበረ። ጥቁር ትቢያውን ከመዳፏ አራገፈች።

«የሩቁ ርካሽ ነው፣ ይህ እውነት ነው» አለች እትዬ ቁልፍ። «ግን መንገዱ ስለሚያስፈራን አንድ ልንጠቀም ሁለት እንገዛለን። ሁለተኛው ደግሞ እዚህ ተቀምጦ ያረጃል። እጥፍ መክፈል ካልቀረ እጥፉን የከፈልነው ድሮ ነው።»

ሥራ አስኪያጇ የካርቶኖቹን ጽሕፈት ተራ በተራ አነበበች። «ቢቸገር በዚያው ቀን ሄዶ ማየት ይቻላል?» አለች በመጨረሻ።

«በእግር ሰባት ደቂቃ ነው። ትናንት ያልበሰለውን ዛሬ አብስሎ ሊመልሰው ይችላል። በመርከብ ያልበሰለ ቀለበት ቢመጣ ለማን እንመልሳለን? ለባሕሩ?»

ውሳኔው ሰኞ በወረቀት መጣ፤ ሁሉን የሚያስደስት አልነበረም። ባለጎማው ለአንድ ዓመት ተፈረመለት፤ በሳምንት ሺህ ቀለበት፣ አንድም አይጨመርም። የፓምፑ ዋጋ ትንሽ ከፍ አለ፤ ሁለት የቆዩ ደንበኞች አኮረፉ፣ አንዱም ከነጭራሹ ቀረ። ሲሊንደሩን በአካባቢው የሚያቀልጠው ስላልተገኘ እሱ እንደ ድሮው በመርከብ ይመጣል። ለሲሊንደሩ መጠባበቂያ ይያዝ ተባለ፤ ግን በግልጽ፣ በፊተኛው መደርደሪያ፣ በትክክለኛ ስሙ። እትዬ ቁልፍ በሃያ ሰባት ዓመት ሥራዋ የመጀመሪያውን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተቀበለች። የግምጃ ቤቷ አንድ ሦስተኛ ተወስዶ የመገጣጠሚያ ክፍሉ ማስፋፊያ ሆነ፤ አብራት የምትሠራው ሴት ወደዚያው ተዛወረች። ደብዳቤውን አጥፋ ሽርጧ ኪስ ከተተች፤ ከአሥራ ዘጠኙ ቁልፎች አምስቱን ፈትታ አስረከበች። በማግሥቱ ወገቧ ቀለላት፤ ሠራተኛውም ስትመጣ አልሰማ ብሎ ሁለት ጊዜ ሥራ ፈትቶ ተያዘ።

ከባድ የነበረው ግን ረቡዕ ነው። ችኩሉ ቅጹን ይዞ መጣ።

«ሺህ ሃምሳ» ይላል።

«ሃምሳዋ የሆድህ ናት» አለችው።

«አይ እትዬ፣ ድንገት ቢቀደድ…»

«ቢቀደድ ሰባት ደቂቃ ትሄዳለህ። እግር አለህ፣ ደግሞም ችኩል ነህ።»

እየሳቀ ሰርዞ ሺህ ብሎ ጻፈ። እሷ ብዕሯን አነሣች። እጇ ከልማዱ የተነሣ ወደ አምስት መቶው ያዘነብላል፤ ያ ባዶ መደርደሪያ ዓይኗ ላይ መጣ። ሺህ ብላ ፈረመችና ሐሳቧን ሳትለውጥ ቅጹን በሩጫ ግዢ ክፍል አደረሰችው።

አዲሱ ውል በጀመረ በሦስተኛው ሐሙስ ባለጎማው ጋሪውን በር ላይ አቁሞ ጭነቱን ሳያወርድ ጭንቅላቱን ያክ ጀመር።

«ምነው? ጎደለ?»

«አልጎደለም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ እንዳትቆጪኝ። ማሽኑ አሮጌ ነው፣ ታውቂዋለሽ። ድንገት ቢሰበር አፍሬባችሁ እንዳልቀር ብዬ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት መቶ ትርፍ እየሠራሁ ሣጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ። ስድስት መቶ ደርሷል።»

እትዬ ቁልፍ ወገቧን ይዛ ትኩር ብላ አየችው። ትቆጣለች ብሎ ሲጠብቅ ሳቅ ጀመረች፤ ቁልፎቿ አብረው እስኪያቃጭሉ ድረስ ሳቀች።

«ሣጥኑ ላይ ምን ብለህ ጻፍክበት?»

«የተበላሹ ምንጣፎች።»

«በል ነገውኑ አምጣቸው፣ ሳያረጁ እንጠቀምባቸው። የሚቀጥለው ሐሙስ አራት መቶ ብቻ ትሠራለህ።»

«አራት መቶ? እና አሥራ ሁለቱ ሰዎቼ በቀረው ቀን ምን ይሥሩ?»

እትዬ ቁልፍ ከከረጢቱ አንድ ቀለበት አወጣች፣ በጥፍሯ ጫን አለችው፣ ምልክቱ ሲጠፋ አየችና መልሳ ጣል አደረገችው።

«የጋሪህን ጎማ ይሥሩልህ» አለችው።